ሁለት ባላ የተከሉት ፖለቲከኛ፦ ኒቲሽ ኩማር እና የቢሃር ወንበር

ጃንዋሪ 28፣ 2024 እሑድ ነበር። ጠዋት ኒቲሽ ኩማር የህንዷ ቢሃር ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ፓትና ወደሚገኘው የአገረ ገዥው መኖሪያ ሄደው ከቢሃር ዋና ሚኒስትርነት (ከግዛቱ መንግሥት መሪነት) መልቀቃቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አስገቡ። ማምሻውን እዚያው ግቢ ተመልሰው ቃለ መሐላ ፈጸሙና የቢሃር ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ወንበሩ ያው ነው፤ የተቀየሩት ከጎን የሚቀመጡት ናቸው። ጠዋት ምክትላቸው የነበሩት የአርጄዲ ፓርቲው ቴጃሽዊ ያዳቭ ሲመሽ ተቃዋሚ ሆነው አደሩ። ጠዋት ተቃዋሚ የነበረው የጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ፓርቲ ቢጄፒ ደግሞ ሁለት ምክትል ዋና ሚኒስትሮች አስሾመ። ይህ የኒቲሽ ዘጠነኛ መሐላ ነበር። አሥረኛው ኖቬምበር 20፣ 2025 ላይ መጣ።

በቢሃር ሁለት ቅጽል ስም አላቸው። ደጋፊዎቻቸው “ሱሻሳን ባቡ” ይሏቸዋል፤ አቶ መልካም አስተዳደር እንደ ማለት ነው። ተቃዋሚዎቻቸው (ማን እንደሆኑ በየዓመቱ ቢለያይም) “ፓልቱ ራም” ይሏቸዋል፤ ተገላባጩ። ሁለቱም ስሞች እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር አይነግሩንም። ኒቲሽ የሚመሩት ፓርቲ፣ ጃናታ ዳል ዩናይትድ (ከዚህ በኋላ ጄዲዩ)፣ 243 መቀመጫ ባለው የቢሃር ምክር ቤት ብቻውን አብላጫ ይዞ አያውቅም። ከፍተኛው ውጤቱ በ2010 ያገኘው 115 ነው፤ ለአብላጫ የሚያስፈልገው 122። እንዲህ ያለ ፓርቲ መሪ ከ2005 ጀምሮ፣ ከዘጠኝ ወር ገደማ በቀር፣ ወንበሩን እንዴት ሳይለቅ ቆየ?

“ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” የሚለውን አባባል ኒቲሽ ሰምተውት አያውቁም ይሆናል፤ የሠሩት ግን እሱኑ ነው። ባላው የሚይዘው ደግሞ በብልጠት ብቻ አይደለም። የመራጩ ቁጥር፣ የሕገ መንግሥቱ አንድ ቀዳዳ እና ሁለቱም ወገኖች ሊክዱት ያልቻሉት የሥራ ውጤት አንድ ላይ ሆነው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቢሃር ሒሳብ

ቢሃር በጋንጅስ ወንዝ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ባሕር የሌላት፣ በነፍስ ወከፍ ገቢ በህንድ መጨረሻ ላይ የምትገኝ ግዛት ናት። በኦክቶበር 2፣ 2023 ይፋ የሆነው የግዛቱ የካስት (በውልደት የሚወረስ ማኅበራዊ መደብ) ቆጠራ ሕዝቧን 130.7 ሚሊዮን አድርሶታል። የፖለቲካው ካርታ የሚነበበው ከዚሁ ቆጠራ ነው። ያዳቮች 14.26 በመቶ ናቸው፤ ከብት አርቢና ገበሬ የነበሩ፣ በአንድ ድምፅ የመምረጥ ልማድ ያላቸው። ሙስሊሞች 17.7 በመቶ ይሆናሉ። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያሰሩት ላሉ ፕራሳድ ያዳቭ ናቸው፤ ፓርቲያቸው አርጄዲ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ምሰሶ ላይ ነው። በሌላው ጫፍ “ከፍተኛ” የሚባሉት ካስቶች ማለትም ብራህሚን፣ ራጅፑት፣ ቡሚሃርና መሰሎቻቸው ከነጋዴው ጋር ሆነው ለቢጄፒ ያደላሉ።

ኒቲሽ ከኩርሚ ገበሬዎች ወገን ናቸው። ኩርሚ በቆጠራው 2.87 በመቶ ብቻ ነው። “ሉቭ-ኩሽ” በሚል ስም (የራማ መንታ ልጆች ስም ነው) አብረዋቸው የሚቆሙት ኮኤሪዎች 4.21 በመቶ ናቸው። ሁለቱ ተደምረው ሰባት በመቶ አካባቢ ይሆናሉ። በሰባት በመቶ መንግሥት አይመሠረትም። ስለዚህ የኒቲሽ የፖለቲካ ሕይወት አንዱ ግማሽ ይህን ሰባት ወደ አሥራ አምስትና ሃያ የማሳደግ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ያንን ድርሻ በየትኛው ወገን ሚዛን ላይ እንደሚያስቀምጡት መምረጥ።

ያደገው ድርሻ ከየት መጣ? ከዚያው ቆጠራ ውስጥ ትልቁ ቁጥር 36.01 በመቶ ነው። “እጅግ ኋላ የቀሩ መደቦች” ተብለው የሚመዘገቡ ከመቶ በላይ ትናንሽ ካስቶች ናቸው፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ዘይት ጨማቂ። እያንዳንዳቸው ትንሽ ስለሆኑ የራሳቸው መሪና ፓርቲ የላቸውም። (ሙስሊሞች በየመደቡ ተበትነውም ስለሚቆጠሩ እነዚህን መቶኛዎች ሁሉ መደመር ያሳስታል።)

የምርጫ ሥርዓቱ ሌላው ቁልፍ ነው። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ያሸንፋል፤ በጥቂት ድምፅ ሁለተኛ የወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሦስት ወገኖች በሚፎካከሩበት ግዛት ሁለቱ ከተጣመሩ ሦስተኛው ይደቃል። ይህ ሕግ በኒቲሽ ላይም እንደሚሠራ በ2014 በራሳቸው ኪሳራ ታይቷል።

ከኢንጂነርነት ወደ ሰባት ቀን ሥልጣን

የተወለዱት ማርች 1፣ 1951 በፓትና አውራጃ በባክቲያርፑር ነው። አባታቸው የባህል ሕክምና አዋቂ ነበሩ። በ1972 ከቢሃር የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው ብዙም ሳይቆዩ በ1974 ጃያፕራካሽ ናራያን ወደመሩት የተማሪዎች ንቅናቄ ገቡ። ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጁበት ወቅትም ታሰሩ። ላሉም ከዚሁ ንቅናቄ የወጡ ናቸው። ሃምሳ ዓመት የዘለቀው የሁለቱ ፍቅርና ጠብ የተጀመረው እዚያ ነው።

በምርጫ አጀማመራቸው ጥሩ አልነበረም። በ1977 ፓርቲያቸው ጃናታ ግዛቱን ጠራርጎ ሲወስድ ኒቲሽ በሃርናውት ተሸነፉ። በ1980 ደገሙት፤ አሁንም ተሸነፉ። በ1985 ኮንግረስ ሁሉን ባጥለቀለቀበት ምርጫ ግን በተቃዋሚው ሎክ ዳል ስም አሸነፉ። በማዕበል ሰምጦ በማዕበል ላይ የተንሳፈፈ ሰው ስለ ማዕበል የተለየ ግምት ቢኖረው አያስገርምም። በ1989 ለፌዴራሉ ምክር ቤት ከባርህ ተመረጡ። በ1990 ላሉ ዋና ሚኒስትር እንዲሆኑ ከኋላ ሆነው ድጋፍ ካሰባሰቡት አንዱ ነበሩ።

መለያየቱ የመጣው በ1994 ነው። የላሉ አስተዳደር ሹመትና ጥቅሙን ለያዳቮች ብቻ ያደላል የሚለው የኩርሚና የኮኤሪ ቅሬታ በፓትናው ጋንዲ ሜዳ በተጠራ የኩርሚዎች ታላቅ ሰልፍ ላይ ፈነዳ፤ ኒቲሽም መድረኩ ላይ ወጡ። በዚያው ዓመት ከጆርጅ ፈርናንዴዝ ጋር ሳማታ ፓርቲን መሠረቱ። በ1995 ምርጫ ሳማታ በወቅቱ ከነበሩት 324 መቀመጫዎች ያገኘው 7 ብቻ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ብቻ መቆም መሞት ነው። በ1996 ከቢጄፒ ጋር ተጣመሩ።

በቢጄፒው ጠቅላይ ሚኒስትር ቫጅፓዪ መንግሥት የባቡር ሚኒስትር ሆነው በኦገስት 1999 በጋይሳል ጣቢያ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ከ280 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ኃላፊነቱን ወስደው ለቀቁ። በማርች 2000 የመጀመሪያው ዋና ሚኒስትርነት መጣ፤ የቆየውም ሰባት ቀን ነው። አገረ ገዥው ሾሟቸው፣ ከ324 ውስጥ የሚያስፈልገው 163 ድጋፍ ግን አልተገኘም። የመተማመኛ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለቀቁና የላሉ ባለቤት ራብሪ ዴቪ ተመልሰው ተሾሙ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የቢሃር ደቡባዊ ክፍል ጃርካንድ ተብሎ ተገነጠለ። የድንጋይ ከሰሉ፣ የብረት ማዕድኑና ዋና ዋና ፋብሪካዎቹ አብረው ሄዱ። ለቢሃር የቀሩት እርሻ፣ ጎርፍና ሕዝብ ናቸው። ምክር ቤቱም ወደ 243 መቀመጫ ወረደ። በ2003 ሳማታ ከጄዲዩ ጋር ተዋሐደ። በፌብሩዋሪ 2005 በተደረገው ምርጫ ማንም አብላጫ አላገኘም፤ 29 መቀመጫ የያዙት ራም ቪላስ ፓስዋን ሙስሊም ዋና ሚኒስትር ካልተሾመ ብለው ሁለቱንም ወገኖች እንቢ አሉ። ምክር ቤቱ አንድም ቀን ሳይሰበሰብ በሜይ ፈረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኋላ ላይ መፍረሱ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነበር ቢልም ዳግም ምርጫው ተካሂዶ አልፏል። በዚህ ምርጫ ጄዲዩ 88፣ ቢጄፒ 55 አገኙና ኖቬምበር 24፣ 2005 ኒቲሽ ወንበሩን ያዙ።

አምስቱ ዓመታት

ከ2005 እስከ 2010 የሆነው ካልተነገረ የኋላው መገለባበጥ ትርጉም አይኖረውም። ሁለቱም ጎራዎች ኒቲሽን ደጋግመው የተቀበሉት ከነቂማቸው ነው፤ የተቀበሉበት ምክንያት በእነዚህ ዓመታት የተገኘ ስም ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ጸጥታ ነበር። በዚያ ዘመን ቢሃር ውስጥ ሰውን አፍኖ ገንዘብ መጠየቅ መደበኛ ንግድ እስከመባል ደርሷል። ወንጀለኛው ይከሰሳል፤ ምስክሩ ፈርቶ ይቀራል፤ ክሱ ይወድቃል። የተገኘው መላ ቀላልና ብልህ ነው። ተከሳሹ በነፍስ ግድያ ካልተያዘ በሕገ ወጥ መሣሪያ ይያዝ። የመሣሪያ ክስ ምስክሩ መሣሪያውን የያዘው ፖሊስ ራሱ ስለሆነ የመንደር ሰው ፍርድ ቤት መቆም አያስፈልገውም። በዚህ ላይ የተፋጠነ ችሎት ተጨመረ፣ የጎደለውን የፖሊስ ኃይል ለመሙላትም ጡረታ የወጡ ወታደሮች ተቀጠሩ። የሲዋን አካባቢ ጉልበተኛ የነበሩት የፓርላማ አባል ሞሐመድ ሻሃቡዲን በ2007 የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈረድባቸው ዘመኑ መቀየሩ ለሁሉም ታየ።

ሁለተኛው የሴቶች ድምፅ ነው። በ2006 ቢሃር ከህንድ ግዛቶች የመጀመሪያ ሆና በቀበሌ ደረጃ ካሉት የምርጫ ቦታዎች ግማሹን ለሴቶች አስጠበቀች። በዚያው ሕግ 20 በመቶው ለእጅግ ኋላ ቀር መደቦች ተከለለ፤ መሪ ያልነበራቸው ትናንሽ ካስቶች በየመንደሩ የራሳቸው ተመራጭ የሚያገኙበት በር ተከፈተ። ከዚያ የብስክሌቱ ፕሮግራም መጣ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ ለብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ ይሰጣታል። ብስክሌቱ በዓይነት ሳይሆን ገንዘቡ በይፋ ሥነ ሥርዓት ላይ መሰጠቱ ቁልፍ ነበር፤ የጅምላ ግዢ ሲኖር የሚመጣውን የጨረታ ሌብነት ቀነሰ። ሙራሊዳራንና ፕራካሽ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ባጠኑት መሠረት ፕሮግራሙ የልጃገረዶችን የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በ32 በመቶ ጨመረ፣ ከወንዶች ጋር የነበረውንም ልዩነት በ40 በመቶ አጠበበ። ጭማሪው የታየው በዋናነት ትምህርት ቤቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። ብስክሌት የነዱት ልጆች እናቶች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ልጆቹም አድገው ድምፅ ይሰጣሉ።

ሦስተኛው የበለጠ ፖለቲካ ያዘለ ነው። በ2007 ከቢሃር 22 የዳሊት ካስቶች (በካስቱ መሰላል ከሁሉ በታች የተቀመጡት) ውስጥ የባሱ ድሆች የሆኑትን “ማሃዳሊት” ብሎ የሚለይ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዝርዝሩ እየሰፋ ሄዶ ከአንድ ካስት በቀር ሁሉንም አካተተ። የቀረው አንዱ ፓስዋን ነው፤ በ2005 በሩን የዘጉባቸው የራም ቪላስ ፓስዋን ወገን። በጎ ሥራና በቀል በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ የኒቲሽ እጅ ጽሑፍ ይታያል።

በ2010 ውጤቱ ታየ። ጄዲዩ 115፣ ቢጄፒ 91፤ በድምሩ 206። አርጄዲ 22 ብቻ ቀረው።

የመገለባበጡ አሠራር

የህንድ ሕገ መንግሥት 10ኛው ሠንጠረዥ በ1985 የተጨመረው የምክር ቤት አባላት ፓርቲ እየቀያየሩ መንግሥት እንዳይጥሉ ነው። አንድ አባል ፓርቲውን በፈቃዱ ከተወ ወይም የፓርቲውን ትእዛዝ ጥሶ ድምፅ ከሰጠ መቀመጫውን ያጣል። ከ2003 ማሻሻያ ወዲህ የሚያመልጠው ሁለት ሦስተኛው የምክር ቤት ቡድን ከሌላ ፓርቲ ጋር ሲዋሐድ ብቻ ነው። ሕጉ ግለሰቡን ያስራል፤ ፓርቲው ራሱ በሙሉ ከአንዱ ጥምረት ወጥቶ ወደ ሌላው ቢሄድ ግን ምንም አይልም። እንዲያውም መሪውን ያግዛል። በ2024 ውሳኔውን የጠላ የጄዲዩ አባል ሁለት ምርጫ ነበረው፤ መሪውን ተከትሎ ለአዲሱ መንግሥት ድምፅ መስጠት ወይም መቀመጫውን አደጋ ላይ መጣል።

ቅደም ተከተሉ በ2017፣ በ2022ም ሆነ በ2024 ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ የፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ይሰበሰባልና “ውሳኔው ለኒቲሽ ተሰጥቷል” ይላል። ከዚያ ኒቲሽ መልቀቂያ ያስገባሉ። ዋና ሚኒስትሩ ሲለቅ ካቢኔው በሙሉ ስለሚፈርስ የቀድሞ አጋሮቹን አንድ በአንድ መሻር አያስፈልግም፤ ጠብም ደብዳቤም የለም። በሰዓታት ውስጥ የአዲሱ አጋር የድጋፍ ፊርማ ለአገረ ገዥው ይቀርባል። መሐላው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይፈጸማል፤ በመሐል ያለው ክፍተት ባጠረ ቁጥር አባላትን ለማስኮብለል ያለው ጊዜ ያጥራል። ካቢኔው ከምክር ቤቱ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ ስላለ በቢሃር የሚከፋፈለው 36 ወንበር ነው።

አፈ ጉባኤው ብዙ ጊዜ የሚረሳ አደጋ ነው። አባል ከመቀመጫው መነሳቱን የሚወስነው እሱ ነውና ከቀድሞው አጋር የመጣ አፈ ጉባኤ ወንበሩ ላይ እያለ የመተማመኛ ድምፅ መጠየቅ ቁማር ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 12፣ 2024 ምክር ቤቱ መጀመሪያ የአርጄዲውን አፈ ጉባኤ በ125 ለ112 አነሳ፤ የመተማመኛው ድምፅ ከዚያ በኋላ ተሰጠ። ተቃዋሚዎቹ ረግጠው ወጡ፤ ውጤቱ 129 ለ0 ሆነ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኒቲሽ ከ2004 ወዲህ ራሳቸው በቀጥታ ለሕዝብ ምርጫ ቀርበው አያውቁም። ቢሃር ሁለተኛ ምክር ቤት ካላቸው ስድስት የህንድ ግዛቶች አንዷ ናት፤ እሳቸውም በእነዚህ ዓመታት የላይኛው ምክር ቤት አባል ነበሩ። ጎራ ሲቀይሩ ተናዶ የሚቀጣቸው የምርጫ ክልል አልነበረም።

አምስት መታጠፊያ

የመጀመሪያው በጁን 2013 ነው። ቢጄፒ በወቅቱ የጉጃራት ግዛት ዋና ሚኒስትር የነበሩትን ናሬንድራ ሞዲን የዘመቻ መሪ አድርጎ ሲሾም ኒቲሽ ጥምረቱን አፈረሱ። ቂሙ የቆየ ነው። በ2010 ፓትና ውስጥ ከሞዲ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያሳይ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለቢጄፒ መሪዎች ያዘጋጁትን እራት ሰርዘው፣ ለ2008 የኮሲ ወንዝ ጎርፍ ጉጃራት የሰጠችውን 50 ሚሊዮን ሩፒ መልሰዋል። የሙስሊሙን ድምፅ የማጣት ሥጋትም ነበረበት። ስሌቱ ግን ከሽፏል። በ2014 የፌዴራል ምርጫ ጄዲዩ ከሁለቱም ትልልቅ ጎራዎች ተነጥሎ ቆሞ 16 በመቶ ድምፅ አገኘ፤ ከ40 መቀመጫ ግን 2 ብቻ። የቢጄፒ ጥምረት 31 ወሰደ። ኒቲሽ ለቀቁና ጂታን ራም ማንጂ የተባሉትን የማሃዳሊት ተወላጅ ተኩ። ማንጂ ታዛዥ ይሆናሉ ተብለው ነበር የተሾሙት፤ አልሆኑም፤ ወንበሩንም ለማስረከብ እንቢ አሉ። በፌብሩዋሪ 2015 ከፓርቲው ተባረው የመተማመኛ ድምፁ ሊሰጥ ሲል ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ኒቲሽ ለማንም ወንበር አላዋሱም።

ሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ላሉ መመለስ ነው። በ2015 ጄዲዩና አርጄዲ እኩል 101 መቀመጫ፣ ኮንግረስ 41 ላይ ተወዳደሩ። ሞዲ በዘመቻው ስለ ኒቲሽ “ዲኤንኤ” የተናገሩትን ጄዲዩ ወደ ቢሃር ስድብ ለውጦ ከሰው ፀጉርና ጥፍር እየሰበሰበ ወደ ዴልሂ እልካለሁ አለ። ቢጄፒ በቀልድም በሒሳብም ተሸነፈ። ጥምረቱ 178 ሲያገኝ ቢጄፒ በ24.4 በመቶ ድምፅ፣ ከማንም ፓርቲ የበለጠ ድምፅ ይዞ፣ 53 ላይ ቀረ። ግን ከጥምረቱ ውስጥ አርጄዲ 80፣ ጄዲዩ 71 ሆነ፤ ታናሹ ወንድም ኒቲሽ ሆኑ።

ሦስተኛው በጁላይ 2017 ነው። በምክትላቸው ቴጃሽዊ ላይ የሙስና ክስ ሲመዘገብ ኒቲሽ በ26ኛው ቀን ማታ ለቀው በ27ኛው ጠዋት ከቢጄፒ ጋር ማሉ። የመተማመኛው ድምፅ 131 ለ108 ነበር። በ2019 የፌዴራል ምርጫ ይህ ጥምረት ከ40 መቀመጫ 39 ወሰደ።

በ2020 ግን የተቀመጡበት ቅርንጫፍ ከሥር ተጋዘ። የራም ቪላስ ፓስዋን ልጅ ቺራግ ለሞዲ ታማኝ ነኝ እያሉ ጄዲዩ በቆመባቸው ክልሎች ተፎካካሪ እጩ አቆሙ። ፓርቲያቸው ያሸነፈው አንድ መቀመጫ ነው፤ የወሰደው ድምፅ ግን በብዙ ቦታ ጄዲዩን ለመጣል በቃ። ጄዲዩ ከተወዳደረበት 115 ውስጥ 43 ሲያገኝ ቢጄፒ ከ110 ውስጥ 74 አገኘ። ወንበሩ ለኒቲሽ ተሰጣቸው፤ እንደ ችሮታ። በጁን 2022 በማሃራሽትራ ግዛት የሺቭ ሴና ፓርቲ ከውስጥ ተሰንጥቆ አማጺዎቹ ከቢጄፒ ጋር መንግሥት ሲመሠርቱ፣ በ2020 የተዳከመው ጄዲዩ ተመሳሳይ ሥጋት ገባው። በዴልሂ ካቢኔ የነበሩት የፓርቲው ሰው አርሲፒ ሲንግ በኦገስት መጀመሪያ ፓርቲውን ጥለው ወጡ። ከቀናት በኋላ፣ ኦገስት 9፣ ኒቲሽ ለቀቁ፤ በማግስቱ ከቴጃሽዊ ጋር ማሉ። አራተኛው መታጠፊያ ይህ ነው። የሄዱት ሊወሰድባቸው ያለውን ፓርቲ ይዘው ነው።

አምስተኛው የጃንዋሪ 2024ቱ ነው። በጁን 2023 የአገሪቱን ተቃዋሚዎች ፓትና ላይ የሰበሰቡት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ስብሰባ የተወለደው “ኢንዲያ” የተባለ ጥምረት ግን አስተባባሪነቱን ሳይሰጣቸው ወራት አለፉ፤ በዲሴምበር መጨረሻም የጄዲዩን ሊቀመንበርነት ከላላን ሲንግ ተረክበው በራሳቸው እጅ አስገቡ። የቀረውን መጀመሪያ ላይ አይተነዋል። ዕድልም አገዛቸው። በ2024 ምርጫ ቢጄፒ 240 መቀመጫ ብቻ ሲያገኝ (አብላጫው 272 ነው) የጄዲዩ 12 መቀመጫ ለሞዲ መንግሥት ምሰሶ ሆነ። ቢሃር ለዓመታት የጠየቀችው “ልዩ ደረጃ” (ከፌዴራሉ መንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስገኝ) በጁላይ ተከለከለ፤ በዚያው ሳምንት በወጣው በጀት ግን ለቢሃር መንገዶች 260 ቢሊዮን ሩፒ ተመደበ።

የተበላሸው

የአልኮል ክልከላው የኒቲሽን ጥንካሬና ድክመት አንድ ላይ ያሳያል። በ2015 በሴቶች ስብሰባ ላይ ቃል ገብተው በኤፕሪል 2016 በመላው ግዛት አልኮልን ከለከሉ። ሴቶች ወደዱት። ሕጉ ግን የተጻፈው በንዴት ይመስላል፤ ቤት ውስጥ ጠርሙስ ከተገኘ አዋቂ የሆነ የቤተሰብ አባል ሁሉ ተጠያቂ ይሆን ነበር። እስር ቤቱና ፍርድ ቤቱ ሞላ። በዲሴምበር 2021 የህንድ ዋና ዳኛ ራማና አርቆ ሳያስቡ የሚረቀቅ ሕግ ፍርድ ቤቶችን እንደሚያጨናንቅ ሲናገሩ ምሳሌ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ2018ና በ2022 ተሻሽሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ጠጪ ቅጣት ከፍሎ እንዲለቀቅ ሆነ። ዋናው ችግር ግን ከጎረቤት ግዛቶችና ከኔፓል የሚገባው መጠጥና በየመንደሩ በድብቅ የሚቀመመው ነው። በዲሴምበር 2022 በሳራን አውራጃ በተመረዘ አረቄ ከ70 በላይ ሰው ሞተ።

ሌላው ሥራ ነው። መንገድና ድልድይ ተሠራ፣ መብራት ገባ፤ ፋብሪካ ግን አልመጣም። የቢሃር ወጣት ዛሬም ባቡር ተሳፍሮ ወደ ዴልሂ፣ ፑንጃብና ጉጃራት ይሄዳል። ድልድዮቹም በ2024 ዝናብ ወቅት በሳምንታት ውስጥ ከአሥር በላይ ወድቀው መሳለቂያ ሆኑ። ከካስት ቆጠራው በኋላ የሥራና የትምህርት ኮታን ከ50 ወደ 65 በመቶ ያሳደገውን ሕግ የፓትና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁን 2024 ሻረው።

ፓርቲውም ባዶ ሆነ። መሥራቹ ጆርጅ ፈርናንዴዝ በ2009 እጩነት ተነፍገው በግል ቀርበው ተሸነፉ። ሻራድ ያዳቭ በ2017 ተገፉ። የምርጫ አዋቂው ፕራሻንት ኪሾር በ2020 ተባረሩ፤ አርሲፒ ሲንግ በ2022፣ ኡፔንድራ ኩሽዋሃ በ2023 ወጡ። መገለባበጥ የሚቻለው ውሳኔው በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ነው፤ ሁለተኛ ሰው ካለ ሁለተኛ ሐሳብ አለ።

2025

የመጨረሻው ምርጫ በኖቬምበር 6 እና 11 ተካሄደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የአረጋውያንና የመበለቶች ጡረታ ከ400 ወደ 1,100 ሩፒ አደገ፤ ለየቤቱ በወር 125 ዩኒት መብራት ነፃ ሆነ። በሴፕቴምበር 26 ደግሞ በአንድ ቀን ለ7.5 ሚሊዮን ሴቶች ለሥራ መነሻ በሚል ለእያንዳንዳቸው 10,000 ሩፒ ባንክ ገባላቸው። ተቃዋሚዎች የድምፅ ግዢ ነው አሉ። በመራጮች መዝገብ ማጣሪያ ረቂቅ ላይ 6.5 ሚሊዮን ገደማ ስሞች መሰረዛቸውንም ተቃወሙ። ከብስክሌቱ ጀምሮ የተገነባው ግን እዚህም ታየ፤ ከተመዘገቡት ሴቶች 71.6 በመቶ፣ ከወንዶች 62.8 በመቶ ድምፅ ሰጡ።

ጄዲዩና ቢጄፒ እኩል 101 መቀመጫ ላይ ቀርበው ጄዲዩ 85፣ ቢጄፒ 89 አገኙ። ቺራግ ፓስዋን አሁን በአንድ ጎራ ውስጥ ስለነበሩ 19 ጨመሩበት፤ ከሌሎች ትናንሽ አጋሮች ጋር በጠቅላላው 202። አርጄዲ ከፓርቲዎች ሁሉ ትልቁን የድምፅ ድርሻ ይዞ 25 መቀመጫ ብቻ ቀረው። ኖቬምበር 20 ኒቲሽ በፓትናው ጋንዲ ሜዳ ሞዲ በተገኙበት ማሉ።

በማግስቱ ሥልጣን ሲከፋፈል ፖሊስን የሚያዘው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቢጄፒው ምክትል ዋና ሚኒስትር ለሳምራት ቾውድሪ ተሰጠ። ከ2005 ጀምሮ ኒቲሽ ከላሉም ጋር ይሁን ከቢጄፒ ጋር፣ ዋና ሚኒስትር በሆኑባቸው ዓመታት ሁሉ ያንን መሥሪያ ቤት ለአጋር ሰጥተው አያውቁም ነበር።